ባሕር ዛፍ ሲበዛ ኮሶ ለምን ተመናመነ?

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው ምድር ከሁሉ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። በየጓሮው፣ በየማሳው ጠርዝና በየመንገዱ ዳር ይታያል። በእርሻው መካከል ብሳና፣ ዋንዛና ግራር አልፎ አልፎ ቆመዋል። ዝግባ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት ግን በአብዛኛው ተጠልለው የቀሩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ነው። በአንድ አፈርና በአንድ ዝናብ አንዱ ዛፍ በዝቶ ሌላው ለምን ብርቅ ሆነ?

ጥቂት ዝርያዎች በዝተው ሌሎቹ ማነሳቸው በየትኛውም ደን ያለ ነው። በአማዞን ደን 16 ሺህ ገደማ የዛፍ ዝርያዎች እንዳሉ ይገመታል፤ ከዛፎቹ ግማሽ ያህሉ ግን የ227 ዝርያዎች ብቻ መሆናቸውን በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አመልክቷል። በምሥራቅ ጎጃም የሚታየው ልዩነት ግን ተፈጥሮ ብቻውን ያመጣው አይደለም። ሦስት ዋና ዋና ምክንያቶች አሉት።

የመጀመሪያው ዘር ነው። የአረም ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ቆይቶ ማሳው ሲታረስ እንደሚበቅል አርሶ አደሩ ያውቃል። ፕሮፌሰር ደመል ተከታይና ሌሎች ተመራማሪዎች ያካሄዷቸው ጥናቶች እንደሚያሳዩት አብዛኞቹ የደጋ አገር በቀል ዛፎች አፈር ውስጥ እንዲህ የሚቆይ የዘር ክምችት የላቸውም። እናት ዛፉ ከተቆረጠ ተተኪ የሚሆን ዘር አይኖርም። ኮሶና ዝግባ በዚህ ላይ ወንዱና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ናቸው። ብቻዋን የቀረች ሴቴ ኮሶ በአቅራቢያዋ ወንድ ከሌለ የሚበቅል ዘር አትሰጥም።

ሁለተኛው ልቅ ግጦሽ ነው። ከብት የባሕር ዛፍንና የብሳናን ቅጠል ብዙም አይደፍርም፤ የወይራንና የጥቁር እንጨትን ቡቃያ ግን ይበላል፣ ይረግጣልም። ከሞጣ ዓባይን ተሻግሮ በሚገኘው ደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች 168 የእንጨታማ ዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል። ከብት እንዳይገባበት በታጠረው ቦታ ደግሞ የበቀሉት ችግኞች ካልታጠረው በተሻለ ሁኔታ መጽደቃቸውን አረጋግጠዋል።

ሦስተኛው የሰው ምርጫ ነው። በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ለማገዶ፣ ለቤት መሥሪያና ለገበያ ስለሚሆን ገበሬው ራሱ አባዝቶታል። ዋንዛም በማሳ ላይ የቆየው ለጥላውና ለጣውላው ሲባል ነው። ዝግባን ግን ያው ጥሩ ጣውላው አስቆረጠው፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ በመሆኑም የሚተክለው ጥቂት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጽድና ዋንዛ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ክልከላው ግን የቆመውን ዛፍ ያድን እንደሆነ እንጂ ያልበቀለውን አያበቅልም።

የአንድ ዝርያ መብዛት ገቢ ቢያስገኝም ስጋት አለው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ለከሰል ሲባል በስፋት የተተከለውን ዲከረንስ በቅርብ ዓመታት እንደ ስንዴ ዋግ ያለ የፈንገስ በሽታ አጥቅቶታል። ኑሮውን በአንድ ዛፍ ላይ የመሠረተ አርሶ አደር በሽታው ሲመጣ ሌላ መተማመኛ አይኖረውም።

ስለዚህ የወረዳ ባለሙያዎች የክረምቱን የችግኝ ብዛት ከማቀዳቸው በፊት ለየዝርያው እንቅፋት የሆነበትን መለየት ይኖርባቸዋል። ችግሩ የኮሶ ዘር ከሆነ ወንድና ሴቴ ዛፎች አብረው ከሚገኙበት ቦታ፣ ከአንድ ሳይሆን ከበርካታ እናት ዛፎች ዘር መሰብሰብ ያስፈልጋል። ችግሩ ከብት ከሆነ ችግኝ ማብዛት ብቻውን ውጤት አያመጣም፤ ቦታውን ከንክኪ ነፃ ማድረግ ይቀድማል። የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች የዘር ምንጭ በመሆናቸው ከየደብሩ አስተዳደር ጋር ተመካክሮ ዙሪያቸውን በድንጋይ ካብ ማጠር ይጠቅማል። አርሶ አደሩም ባሕር ዛፉን ሳይነቅል በጓሮው ጥግ ጥቂት ዋንዛ ወይም ኮሶ ተክሎ እስኪጠነክሩ ከከብት ቢጠብቃቸው፣ ዛሬ በአጥቢያው ደን ውስጥ ብቻ የሚያያቸው ዛፎች በገዛ ይዞታው ላይም ይኖሩታል።