የገለባው ሚዛን፦ የፈንገስ ኢንዛይሞችና የዘንገና አካባቢ የእንስሳት መኖ

መግቢያ

የዘንገና ሐይቅ የሚገኘው በአዊ ብሔረሰብ ዞን፣ ከእንጅባራ ከተማ አቅራቢያ፣ ወደ 2500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ባለ ቀዝቃዛ ደጋ ነው። በዙሪያው ገብስ፣ ድንችና ጤፍ ይመረታል። ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለ ግራርም ሰፊ መሬት ይዟል። ችግኙ ገና ሳለ በሥሩ የሚበቅለው ሣር ታጭዶ ለከብት ይሰጣል፤ ዛፉ አድጎ ጥላው ሲገጥም ግን ሣሩ ይመናመናል። በመሆኑም በበጋው ወራት ከብቱን የሚያቆየው በአብዛኛው የገለባ ክምር ነው። ወደ ዳንግላ ዝቅ ሲባል የበቆሎ አገዳ ይበዛል። ይህ ጽሑፍ ከፈንገስ የሚገኙ ኢንዛይሞች ለእንዲህ ዓይነቱ መኖ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉና ውጤታቸው በምን መለካት እንዳለበት ያብራራል።

ገለባ በቀላሉ የማይፈጨው ለምንድን ነው?

የገለባ ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር በአብዛኛው ያለው በሴል ግድግዳው ውስጥ ነው። ይህን ግድግዳ ከጭቃ ቤት ግድግዳ ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ ሴሉሎስ እንደ ቋሚው እንጨት፣ ሄሚሴሉሎስ እንደ ማገሩ፣ ሊግኒን እንደ ምርጊቱ ነው። ከብት፣ በግና ፍየል በትልቁ የሆዳቸው ክፍል ማለትም በሩመን ውስጥ ሴሉሎስንና ሄሚሴሉሎስን የሚሰብሩ ተሕዋስያን አሏቸው። ከእነዚህ መካከል ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ፈንገሶች እንደሚገኙ ኮሊን ኦርፒን እ.ኤ.አ. በ1975 አሳይቷል። ችግሩ ያለው ምርጊቱ ላይ ነው። ሊግኒንን የሚያፈርሱት ላኬዝና ፐርኦክሲዴዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ሥራቸው በኦክስጅን መኖር ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በሩመን ውስጥ ያለው ኦክስጅን እጅግ አነስተኛ ነው። በዚህ ላይ የሩመን ተሕዋስያን በሚገባ ለመሥራት በመኖው ውስጥ 7 በመቶ ያህል ጠቅላላ ፕሮቲን ሲፈልጉ፣ የእህል ገለባ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በታች ይይዛል።

ኢንዛይሙ ከመኖው ጋር የት ይገናኝ?

ሴሉሎስን በመስበር የታወቀው ትራይኮደርማ ሪሴይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰለሞን ደሴቶች የአሜሪካ ጦር ሸራዎችን ሲያበሰብስ የተገኘ ፈንገስ ነው። ዛሬ ለመኖ የሚውሉት ሴሉሌዝና ዛይላኔዝ በብዛት የሚመረቱት ከዚህና ከአስፐርጊለስ ወገን ነው። ኢንዛይሞቹ ግልጽ ውጤት የሰጡት በዶሮና በአሳማ መኖ ነው። በእህል ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛው ያህል በፋይቴት ተይዞ ይገኛል፤ ዶሮም ይህን በበቂ ሁኔታ የሚፈታ የራሷ ኢንዛይም የላትም። ከአስፐርጊለስ የተገኘው ፋይቴዝ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ይህ ፎስፈረስ ለዶሮዋ ጥቅም መስጠት ችሏል።

ለሚያመሰኩ እንስሳት ግን ጉዳዩ ይለያል። ገለባ ላይ የሚረጨው ሴሉሌዝ በሩመን ውስጥ አስቀድሞ በብዛት ባለው ላይ የሚጨመር በመሆኑ ውጤቱ ከሙከራ ሙከራ ይለያያል። የጎደለው ሊግኒንን የማላላት አቅም ስለሆነ፣ ይህ ሥራ መኖው ለከብቱ ከመቅረቡ በፊት አየር ባለበት መከናወን ይኖርበታል። ለዚህ የሚታጩት ነጭ አብስባሽ የሚባሉት ፈንገሶች ናቸው፤ ለምግብ የሚመረተው የኦይስተር እንጉዳይ ከእነርሱ አንዱ ነው።

በአገር ውስጥ ኢንዛይም የማምረት ዕውቀትም አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተመራመሩት አማረ ገሰሰና ጋሻው ማሞ፣ ከፈንገስ ሳይሆን ከባክቴሪያ ቢሆንም፣ በስንዴ ፉርሽካ ላይ ዛይላኔዝ በከፍተኛ መጠን ማምረት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል።

የተገኘውና የጠፋው

ፈንገሱ ሊግኒኑን ሲያፈርስ ራሱም ይመገባል፤ የሚመገበው ደግሞ ለከብቱ የታሰበውን ሴሉሎስና ሄሚሴሉሎስ ነው። ለማሳያ ያህል፣ 100 ኪሎ ግራም ደረቅ ገለባ የመፈጨት መጠኑ 45 በመቶ ቢሆን፣ ለከብቱ የሚደርሰው 45 ኪሎ ግራም ነው። ከፈንገስ ሕክምና በኋላ የመፈጨት መጠኑ ወደ 52 በመቶ ቢያድግና 15 ኪሎ ግራም ደረቅ ቁስ ቢጠፋ፣ ከቀረው 85 ኪሎ ግራም የሚፈጨው 44.2 ኪሎ ግራም ይሆናል። በመቶኛ ሲታይ መሻሻል የታየበት ሙከራ የአርሶ አደሩን ክምር አሳንሶታል ማለት ነው። በህንድ ካርናል በዩሪያ የታከመ ገለባን በኮፕሪነስ ፈንገስ ለማበልጸግ የተሞከረው ዘዴም ዋና ድክመቱ ይኸው የደረቅ ቁስ ብክነት ነበር።

ስለዚህ ንጽጽሩ ካልታከመ ገለባ ጋር ብቻ መሆን የለበትም። በአገራችን የሚታወቀው የዩሪያ ሕክምና፣ ለ100 ኪሎ ግራም ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ በውኃ አሟሙቶ ለሦስት ሳምንት ያህል አፍኖ ማቆየት ሲሆን፣ የግድግዳውን ትስስር ያላላል፤ ናይትሮጅንም ይጨምራል፤ ገለባውን ግን አይበላም። ከዚህ በተጨማሪ የፈንገስ ዘዴ ገለባውን አስቀድሞ በሙቅ ውኃ ከሌሎች ተሕዋስያን ማጽዳት ስለሚጠይቅ የማገዶ ወጪ አለው። የኦይስተር እንጉዳይ ድር በደንብ የሚያድገው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በመሆኑ፣ የዘንገና ብርድ ጊዜውን ያራዝመዋል፤ ሞቅ የሚለው ዳንግላ በዚህ ረገድ ይሻላል።

የሻጋታ ስጋት

ያልተፈለገ ፈንገስ ገለባውን ከቀደመው ጉዳቱ ከብቱን አልፎ ወደ ሰው ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች መካከል የአፍላቶክሲን ኤም1 መጠናቸው በሊትር ከ0.05 ማይክሮ ግራም ያልበለጠው 9ኙ ብቻ መሆናቸውን አመልክቷል፤ ዋናው ምንጭም የኑግ ፋጉሎ ነበር። በመሆኑም ሻጋታ ያየ ሁሉ ገለባው «ታከመ» ብሎ እንዲያምን የሚያደርግ የኤክስቴንሽን ትምህርት አደገኛ ነው።

ማጠቃለያ

በዘንገናና በመሰል ደጋማ አካባቢዎች ለሚካሄድ ጥናት ሦስት መለኪያዎች በአንድነት ያስፈልጋሉ፦ ከሕክምናው በኋላ የቀረው የሚፈጭ ደረቅ ቁስ በኪሎ ግራም፣ ከዩሪያ ሕክምና ጋር የተነጻጸረ ወጪ፣ እንዲሁም የሻጋታ መርዝ ምርመራ። የኦይስተር እንጉዳይ አምርቶ የተረፈውን ማብቀያ ለከብት መስጠትም በዚሁ ሚዛን ሊፈተን ይገባዋል፤ እንጉዳዩ የሚያስገኘው ገቢ የጠፋውን ደረቅ ቁስ ሊያካክስ ይችላልና። በቤተ ሙከራ የተገኘ መቶኛ ለአርሶ አደሩ ትርጉም የሚኖረው፣ አንዱ ክምር ከብቱን ስንት ተጨማሪ ቀን እንደሚያቆይ ሲነግረው ነው።