በልክ የሚሠራው ፕሮቲን



በአንጎልና በጉበት ሕዋሶቻችን ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ አንድ ነው፤ የሚለያቸው የትኛው ዘረመል ይሠራል፣ የትኛው ያርፋል የሚለው ነው። ኤም ኢ ሲ ፒ 2 የተባለው ፕሮቲን በአንድ ክፍሉ የሜቲል ምልክት ያለበትን ዲ ኤን ኤ ይይዛል፤ በሌላው ክፍሉ ዘረመልን የሚያሳርፉ ረዳቶችን ይጠራል።

እ.ኤ.አ. በ1999 በሊባኖስ የተወለዱት የዶክተር ሁዳ ዞግቢ ቡድን የዚህ ፕሮቲን ጉድለት ሬት ሲንድሮም የተባለውን ሕመም እንደሚያመጣ አሳወቀ። ደህና ስታድግ የነበረች ሕፃን ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ንግግሯንና የእጇን ሥራ ማጣት ትጀምራለች። ፕሮቲኑ ሲበዛም ሌላ ሕመም ያስከትላል። ሱብሓነላህ! ልኩ ምንኛ ጠባብ ነው!

ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ የሚከሰት እንጂ ከወላጅ የተወረሰ አይደለም። እናቲቱን አንውቀስ፤ ልጂቱንም «ጂን ነክቷት ነው» ብለን ከሐኪም አናርቃት። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድ፤ አሚን።