ድንጋይ የሚበሳው ዱልዱም ጫፍ

እንጨት የሚበሳ ፑንታ ጫፉ ስል ነው፤ ጠርዙም ይቆርጣል። በማዕድን ጉድጓድና በዋሻ ቁፋሮ ላይ ግራናይት የሚበሳውን ቢት ግን ብታገላብጡት አንድም ስለት አታገኙበትም። ዲያሜትሩ ብዙውን ጊዜ 45 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የብረት ራስ ነው፤ ፊቱ ላይ ግራጫ፣ ድቡልቡል ጉብታዎች ተተክለውበታል። ታዲያ እንዲህ ያለ ዱልዱም ነገር ዓለት እንዴት ይበሳል?

መልሱ ያለው ድንጋዩ ዘንድ ነው። ድንጋይ ሲጫኑት ብርቱ ነው፣ ሲስቡት ግን ደካማ። ጠንካራ ግራናይት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ከ1500 ኪሎ ግራም በላይ ጫና ይሸከማል፤ ስቦ ለመገንጠል ግን ብዙውን ጊዜ የዚያ አንድ ዐሥረኛ እንኳ ይበቃል። ቢቱ የሚጠቀመው ይህንን ድክመት ነው። ጉብታው ሲመታ ከሥሩ ያለችው ጥቂት ድንጋይ ትደቅቃለች። ዱቄቷ ከላይ ስለተጫነች ወደ ጎን ትገፋለች፤ ዙሪያዋ ያለው ዓለት ይወጠርና ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ዞሮ ወደ ላይ ብቅ ሲል ፍንካች ይነሳል። አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው እንግዲህ ስንጥቁ ነው። ስል ጫፍ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያዎቹ ምቶች ይሸረፍ ነበር።

ሃይድሮሊክ መሰርሰሪያ በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ይመታል። በምትና በምት መካከል ቢቱ በጥቂቱ ይዞራል፤ ጉብታው ሁልጊዜ ያልተነካ ዓለት ላይ እንዲያርፍ ነው። የኦፕሬተሩ ችሎታ የሚታየው ደግሞ ቢቱን ወደ ዓለቱ በሚገፋበት ግፊት ልክ ነው። ግፊቱ ካነሰ ምቱ ቢቱን ወደያዘው ዘንግ ይመለስና ብረቱን ይጎዳል፤ ከበዛ ቢቱ መዞር ያቅተዋል።

ጉብታዎቹ ተራ ብረት አይደሉም። በድሮው የብረት መሮ ዘመን ቀጥቃጮች ከማዕድን ማውጫው ሳይርቁ የደነዘውን ሲስሉ ይውሉ ነበር። ያን ያስቀረው ተንግስተን ካርባይድ ነው፤ መነሻውም እ.ኤ.አ. በ1923 ጀርመን ውስጥ፣ አምፖል ይሠራ በነበረው በኦስራም ኩባንያ፣ ካርል ሽሮተር ያገኘው ዘዴ ነው። እጅግ ጠንካራ የሆኑት የካርባይድ ቅንጣቶች፣ አሸዋ በሲሚንቶ እንደሚያያዝ፣ በኮባልት ይያያዛሉ። ኮባልቱ ሲበዛ ጉብታው መሰበርን ይቋቋማል፣ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ሲያንስ ተቃራኒው ይሆናል። ለሁሉም ዓለት የሚሆን አንድ ቢት የሌለው በዚህ የተነሳ ነው።

ዋሻን ሙሉ በሙሉ የሚቆፍረው ግዙፍ ማሽንም በዚሁ ሕግ ይሠራል፤ ልዩነቱ መምታቱን ትቶ መጫኑ ነው። ፊቱ ላይ የሚንከባለሉት የብረት ዲስኮች እያንዳንዳቸው እስከ 25 ቶን በሚደርስ ኃይል ዓለቱን ይጫናሉ፤ የሁለት ጎረቤት ዲስኮች ስንጥቆች ሲገናኙ በመካከል ያለው ድንጋይ ተፈንክቶ ይወድቃል። 26 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የግልገል ጊቤ ሁለት የኃይል ማመንጫ የውሃ ዋሻ በእንዲህ ዓይነት ማሽኖች ከሁለቱም ጫፍ ተቆፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራውን ለረጅም ጊዜ ያስተጓጎለው የዓለቱ ጥንካሬ አልነበረም። አንደኛው ማሽን የመሬት ስብራት ገጠመው፤ የተፈረካከሰው አፈርና ጭቃ ወደ ኋላ ገፋው። ጭቃ አይሰነጠቅም፤ ዲስኩም ከዚያ ላይ የሚፈነክተው ነገር የለውም።

እኔ ከቢቱ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለቀዳዳው ነው። መሃሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ውሃ እየገባ ፍንካቹን ጠርጎ ያወጣል፤ አለዚያ ቢቱ ያንኑ ስብርባሪ ደጋግሞ ሲፈጭ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ጆርጅ ሌይነር ውስጡ ክፍት የሆነ ዘንግ ያለው መሰርሰሪያ ሲሠራ መጀመሪያ የነፋበት አየር ብቻ ነበር። ጉድጓዱ ጸዳ፤ አቧራው ግን ሠራተኞቹ ፊት ላይ ተመለሰ፤ እነሱም አንሠራበትም አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ውሃ የጨመረበት። ሠራተኞቹ ትክክል ነበሩ። በግራናይትና በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ በብዛት ያለው ኳርትዝ ሲደቅቅ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን በሽታም ያመጣል። አደገኛው ብናኝ ለዓይን አይታይም፤ አፍ ላይ የታሰረ ጨርቅም አያስቀረውም። ከጉድጓዱ አፍ ጭቃ እየፈሰሰ ከሆነ ውሃው ሥራውን እየሠራ ነው። ነጭ ጭስ የሚመስል አቧራ ከወጣና አቧራውን የሚስብ መሣሪያ ከሌለ፣ ውሃው እስኪመጣ መሰርሰሪያው መቆም አለበት።