ሥራው ካለቀ በኋላ የሚነሳ እሳት

በመካ መንሱር ሰፈር ከአስር ሶላት በኋላ ሙቀቱ ረገብ ሲል የግራይንደር ድምፅ ይጀምራል። አንዱ ባለሱቅ የሚጠቀለለው በሩ ተጣሞበታል፣ ሌላው መስኮቱ ላይ የብረት ፍርግርግ ይፈልጋል፣ ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከር መቆሚያም ዝጎ ሊወድቅ ደርሷል። ረመዳንና ሐጅ ሲቃረቡ ደግሞ እንግዶች የሚያርፉባቸው ሕንፃዎች በጥድፊያ ስለሚታደሱ የብረት ሥራው ይበዛል። በጅዳ የቆዩ ሰፈሮችም ነገሩ ያው ነው። ከበያጆቹ መካከል ወገኖቻችን አሉ። አንዳንዱ ኢቃማው ላይ «ለሃም» ተብሎ ተጽፎለታል፤ አንዳንዱ በሾፌርነት ወይም በጽዳት ሠራተኝነት መጥቶ ብየዳ የያዘ ነው፤ ወረቀት ሳይኖረው በቀን ሒሳብ የሚሠራም አለ። ሙያውን አገር ቤት እያለ ከጎረቤት ጋራዥ፣ ወይም እንደ መርካቶው ምናለሽ ተራ ካለ ብረት ከሚቀጠቀጥበት ስፍራ በማየት ብቻ የተማረው ጥቂት አይደለም።

ሙያ በዓይን ሲወረስ እጅ ይፈጥናል፣ ጥንቃቄው ግን ሳይነገር ይቀራል። በተለይ ሳይነገር የሚቀር አንድ ነገር አለ። በዚህ ሥራ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ብልጭታው ሲታይ ሳይሆን ማሽኑ ጠፍቶ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ፣ ሠራተኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ነው።

እሳቱን እንመልከት። ከብየዳና ከመቁረጫ የሚፈናጠረው የጋለ ብረት ወለል ላይ ወድቆ የጠፋ ቢመስልም እየተንከባለለ በበር ሥር፣ በግድግዳ ስንጥቅ፣ በሙከየፍ ቀዳዳ በኩል ወደ ሌላ ክፍል ይገባል። ስፖንጅ፣ ካርቶን ወይም የእንጨት ብናኝ ውስጥ ካረፈ ወዲያው ላይነድ ይችላል። ውስጥ ለውስጥ እየጨሰ ቆይቶ ነበልባል የሚሆነው ከግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከሰዓታት በኋላ ነው። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ በሆነ ሕንፃ ውስጥ ያኔ ላይ ያሉት ተኝተው ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1996 በጀርመን ዱሰልዶርፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሆነው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሠራተኞች ከተርሚናሉ በላይ ባለው መንገድ ላይ ይበይዱ ነበር። ሙቀቱና ፍንጣሪው ከታች ባለው ኮርኒስ ውስጥ ወደነበረው የፕላስቲክ አረፋ ደረሰ፤ 17 ሰዎች ሞቱ። ብየዳው የተሠራው ከላይ፣ ሰው ያለቀው ከታች ነው። ብዙ እህቶቻችን በሚኖሩባት ቤይሩትም እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2020 ወደቡን ያጋየው ፍንዳታ መነሻው እስካሁን ቢያከራክርም፣ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በዚያው ዕለት በመጋዘኑ በር ላይ የተካሄደ ብየዳ ነው።

ስለዚህ ከሥራ በፊት በዙሪያው 11 ሜትር ድረስ የሚነድ ነገር ይነሳል፤ የማይነሳው እሳት በማይዘው ጨርቅ ይሸፈናል። ከግድግዳው ወይም ከላሜራው ጀርባ ምን እንዳለ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ብረት ሙቀቱን ወደ ማዶ ያስተላልፋል። የእሳት ማጥፊያ ወይም ባልዲ ውሃ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ መጠበቅ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ ቀድሞ ግማሽ ሰዓት ይል የነበረውን እ.ኤ.አ. በ2019 እትሙ ወደ አንድ ሰዓት አሳድጎታል። ባለቤቱ «ኸላስ፣ ሂድ» ሲል አንድ ሰዓት ቆሞ መጠበቅ የሚከብድ መሆኑ አይጠፋንም። ሻይ ይጠጣበት፣ ዕቃ ይሰብሰብበት፣ ሲስማሙ ሰዓቱን ከዋጋው ጋር ማስላት ይሻላል።

ዓይንም እንደዚሁ ዘግይቶ ነው የሚናገረው። የብየዳ ብርሃን የዓይንን የላይኛውን ሽፋን ያቃጥላል፣ ሕመሙ ግን በዚያው ሰዓት አይሰማም። ሠራተኛው እራቱን በልቶ ከተኛ በኋላ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ እንደተበተነ ሆኖ ይነቃል። ብዙ ጊዜ የሚጠቃው በያጁ ሳይሆን ቱቦላሬውን ይዞ «ፊትህን አዙር» የተባለው ረዳት ነው። የፀሐይ መነጽር ለዚህ አይሆንም፣ ዓይንን ጨፈን ማድረግም አይበቃም። ለኤሌክትሮድ ብየዳ መስታወቱ ላይ ከ10 እስከ 13 የሚል ቁጥር ያለው ማስክ፣ በጋዝ ለመቁረጥ ደግሞ 5 ቁጥር አካባቢ ያስፈልጋል፤ ለረዳቱም ጭምር። ድንች ቆርጦ ዓይን ላይ መለጠፍ የተለመደ ቢሆንም ዓይኑን ለጀርም ያጋልጣል። ማደንዘዣ ጠብታም በራስ ፈቃድ እየደጋገሙ መጠቀም ዓይንን ይጎዳል። አብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይድናል፤ እይታው ከደበዘዘ ወይም ሕመሙ ካልለቀቀ ሐኪም ማየት ግድ ነው።

ጭሱስ? ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ወይም ቆርቆሮ ሲበየድ ነጭ ጭስ ይወጣል። እሱን የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያልበዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። ጉንፋን ያዘኝ ብሎ ፓናዶል ውጦ ይተኛል፤ በማግስቱም ይሻለዋል። ወተት መጠጣት ያድናል የሚለው እምነት አገር ቤትም እዚህም አለ። ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፤ ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። ለበያጅ ወተት መግዛት ክፋት የለውም፣ በወተቱ ምትክ ማስክ መከልከሉ ነው ክፋቱ። ከዚህ የሚብሰው ካድሚየም የተቀባ ብረት ነው፦ አጀማመሩ ያንኑ ጉንፋን ይመስላል፣ ግን ሳንባን አቁስሎ ሊገድል ይችላል። ደረት እየጠበበ ከሄደ እስኪነጋ አይጠበቅም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳን ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ቅቡን በብየዳው ቦታ ዙሪያ አስቀድሞ መፋቅ፣ በር መክፈት፣ ነፋሱን ከጎን ማድረግና ጭንቅላትን ከጭሱ ማውጣት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሳይዘገዩ የሚገድሉም አሉ። ባዶ በርሜል ከሙሉው ይብሳል፤ ዘይቱ ወይም ነዳጁ ቢያልቅም እንፋሎቱ ውስጡ ተቀምጧል፣ ግራይንደር ሲነካው ይፈነዳል። አሲታይሊን ሲሊንደር አይጋደምም፤ ግፊቱም ከ1 ባር አይለፍ፣ ከዚያ በላይ በራሱ ሊፈነዳ ይችላል። ኦክስጅን ዘይትና ግራሶ ሲነካ ይነድዳል። በሙቀቱ የተማረረ ሠራተኛ በኦክስጅን ቱቦ ልብሱን ሲያራግፍ ወይም ራሱን ሲያቀዘቅዝ ካዩ ያስቁሙት፤ ልብሱ ኦክስጅን ስለሚጠጣ አንዲት ፍንጣሪ ሰውየውን ችቦ ታደርገዋለች። ሽፋኑ የተነሳ ትንሽ ግራይንደር ላይ የትልቁን ዲስክ ማሰርም እንደዚያው ነው። ትንሹ በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል፣ ትልቁ ዲስክ ግን የተሠራው ለ6,600 አካባቢ ነው። ተሰባብሮ ፊት ላይ ይመጣል።

በዚህ አገር ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ለበያጅ ይህ የዕረፍት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በላብ የራሰ ጓንት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

ኢቃማና ውል ያለው ሠራተኛ ማስክና ጓንት በራሱ ገንዘብ መግዛት የለበትም። የሳውዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 122 አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ እንዲጠብቅ፣ ለዚህም ከደመወዙ ምንም እንዳይቆርጥ ያዛል። የጥንቃቄ መመሪያውም በዐረብኛ፣ ሲያስፈልግም ሠራተኛው በሚገባው ሌላ ቋንቋ ተጽፎ እንዲለጠፍ ይላል። አማርኛም ቋንቋ ነው። አሠሪው ለሥራ ላይ አደጋ ለተእሚናት 2 በመቶ ይከፍላል፣ ስለዚህ ጉዳት ሲደርስ ዕለቱን ለአሠሪው በጽሑፍ ማሳወቅና ኮፒውን መያዝ ይጠቅማል። አቤቱታ ያለው የሰው ኃይል ሚኒስቴርን በ19911 ማግኘት ይችላል።

ወረቀት የሌለው ወንድማችን ግን እሳት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያስበው መሸሽን ነው። ይህን መፍረድ ቀላል ነው፣ እኛ ግን አንፈርድም። ቢሸሽም እየሸሸ 911 ይደውል። በመካ ክልል፣ ጅዳንም ጨምሮ፣ እሳት አደጋ፣ አምቡላንስና ፖሊስ የሚጠሩት በዚሁ ቁጥር ነው። የመንገዱንና የሕንፃውን ስም መናገር ይበቃል፤ በየበሩ እያንኳኳ ላይ ያሉትን ቢቀሰቅስ ደግሞ የበለጠ ነው።

የተቃጠለ ሰው ካለ ቁስሉ ላይ የጥርስ ሳሙና ወይም ቅቤ አይቀባም። ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ይፈስበታል። በበጋ ግን ከጣሪያ ታንከር የሚመጣው የቧንቧ ውሃ ራሱ ይፈጃል፤ መጀመሪያ በእጅዎ ይሞክሩት፣ ትኩስ ከሆነ ከባቃላው የታሸገ ውሃ ያስመጡ።