እምቢታዋ እምቢታ ነው፦ ፊልምና ድራማ ስለ ሴቶች ፈቃድ ምን ያስተምራሉ?

በብዙ የፍቅር ፊልሞችና የዘፈን ቪዲዮዎች የሚደጋገም አንድ የታሪክ አካሄድ አለ። ወንዱ ሴቷን ይወዳል፤ እሷ አትፈልገውም። እሱ ግን መንገድ ላይ ይጠብቃታል፣ ከኋላዋ ይከተላታል፣ በጓደኞቿ ያስለምናታል። በመጨረሻ ልቧ ይረታና ታሪኩ በሠርግ ይዘጋል። ተመልካቹ የወንዱን ጽናት አድንቆ ይነሣል። ሴቷ መጀመሪያ ላይ የተናገረችው ቃል የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ጥያቄ ከሚያነሡት መካከል ፌሚኒዝም በሚባለው አስተሳሰብ ድራማንና ፊልምን የሚመረምሩ ጸሐፍት ይገኙበታል። ፌሚኒዝም በአጭሩ ሴቶች በሕግ፣ በሥራና በቤተሰብ ውስጥ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው የሚያምንና ለዚያም የሚሟገት አስተሳሰብ ነው። ሰው ስለ ትዳርና ስለ ፍቅር የሚማረው ከቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን ከሚያየውና ከሚሰማው ታሪክም ጭምር በመሆኑ፣ መዝናኛ የሚባለው ነገር ሊመረመር ይገባዋል ይላሉ።

እምቢታ እንደ እሺታ ሲቆጠር

«በልቧ እየፈለገች በአፏ እምቢ ትላለች» የሚለው አመለካከት በገጠርም በከተማም ይሰማል። አመለካከቱ የሴቷን ቃል ከንቱ ያደርገዋል። እሺ ብትል እሺታዋ ይያዝላታል፤ እምቢ ብትልም ያው እንደ እሺታ ይቆጠርባታል። ስለዚህ የምትናገረው ነገር ምንም ይሁን ምን ውሳኔው የወንዱ ይሆናል።

የጠለፋ ጋብቻም የሚቆመው በዚሁ አስተሳሰብ ላይ ነው። ጠላፊው ልጅቷን ከትምህርት ቤት ወይም ከውኃ መንገድ አፍኖ ይወስዳል፤ ከዚያም ሽማግሌ ወደ ቤተሰቧ ይልካል። «አንዴ ሆኗል» በሚል ምክንያት እርቅ ይወርዳል። የልጅቷ ፈቃድ ከነገሩ ሁሉ በኋላ እንኳ የማይጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው። የፍቅር ፊልሙ ጀግናና ጠላፊው በድርጊታቸው እኩል አይደሉም። ነገር ግን ሁለቱም ሴት ልጅ እምቢ ስትል አልሰማ ማለትን እንደ ወንድነት ይቆጥሩታል።

ከእውነተኛ ታሪክ ወደ ፊልም

ይህን ጉዳይ ከሁሉ ጎልቶ ለሕዝብ ያሳየው የአማርኛ ፊልም በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀው «ድፍረት» ነው። ፊልሙ በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ በተፈጸመ እውነተኛ ድርጊት ላይ ተመሥርቷል። የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፤ ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድለዋለች። በነፍስ ግድያ ስትከሰስ በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆሞላት፣ ድርጊቱ ራስን መከላከል ነው ተብሎ በነፃ ተሰናበተች። የማኅበሩ መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሹመዋል።

«ድፍረት» በጥር 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ፊልሙ ከተለመደው የፍቅር ታሪክ የሚለየው የልጅቷን እምቢታ የታሪኩ እምብርት በማድረጉ ነው። ተመልካቹ ጠለፋውን የሚያየው በእሷ ዓይን ነው፤ ፍርሃቱም የእሷ ፍርሃት ይሆንበታል። የአገር ሽማግሌዎች ጉዳዩን በባህሉ መሠረት ሲመክሩበትና ፍርድ ቤቱ በሕጉ ሲያየው ጎን ለጎን ይቀርባል።

ከፊልሙ ጋር የተያያዘ ሌላ ክርክርም ተነሥቶ ነበር። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ እግዱ በኋላ ተነሥቷል። የእውነተኛው ታሪክ ባለቤትም ሕይወቷ ፊልም ሲሆን እንዳልተጠየቀች ቅሬታዋን አሰምታለች። ስለ ሴት ፈቃድ የሚናገር ሥራ ራሱ የሴትን ፈቃድ ስለ መጠየቁ ጥያቄ የተነሣበት መሆኑ፣ ታሪኩ የማን ነው የሚለው ነገር ቀላል አለመሆኑን ያሳያል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ከክስ ይድን ነበር። ያ በር አሁን ተዘግቷል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 በኃይል፣ በማስፈራራት ወይም በማታለል ለጋብቻ የሚፈጸምን ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም። አስገድዶ መድፈር ተጨምሮ ከሆነ በዚያም ይጠየቃል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ደንግጓል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጓል። በመሆኑም በጠለፋ ጉዳይ ሽማግሌዎች የሚያወርዱት እርቅ የሁለት ቤተሰቦችን ጠብ ሊያበርድ ይችል ይሆናል እንጂ የወንጀል ክሱን አያስቀርም።

ድራማ አመለካከት ይለውጣል?

መዝናኛ መጥፎ ልማድን ማለማመድ እንደሚችል ሁሉ በጎውንም ማስተማር ይችላል። ሜክሲኮአዊው ሚጌል ሳቢዶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለዚህ የሚሆን የድራማ አሠራር ነድፏል። በአሠራሩ ሦስት ዓይነት ገጸ ባሕርያት አሉ፦ በጎ ምሳሌ የሚሆን፣ መጥፎ ምሳሌ የሚሆንና በሁለቱ መካከል የሚዋልል። አድማጩ ራሱን የሚያገኘው በሚዋልለው ላይ ነው። ያ ሰው ሲሳሳት፣ የስሕተቱን ዋጋ ሲከፍልና ቀስ በቀስ ሲለወጥ አድማጩም አብሮት ያስባል።

በአገራችን ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር በዚህ አሠራር ያዘጋጀው «የቀን ቅኝት» ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍሎች ተላልፏል። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤችአይቪና ስለ ሴቶች ሁኔታ የሚያነሣ ሲሆን፣ አድማጮች ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ልከውለታል። ሬዲዮ መብራት በሌለበት መንደርም ስለሚሰማ ታሪኩ ቡና በሚጠጣበት ቤት ሁሉ መወያያ ለመሆን የሚያግደው አልነበረም።

ተመልካች ሊጠይቃቸው የሚችሉ ጥያቄዎች

አሜሪካዊቷ የሥዕላዊ ታሪክ ደራሲ አሊሰን ቤክዴል እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው ሥራ ፊልምን መመዘኛ ቀላል መለኪያ አስተዋውቃለች። በፊልሙ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሴቶች አሉ ወይ? እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ ወይ? የሚነጋገሩትስ ከወንድ ውጪ ስለ ሌላ ነገር ነው ወይ? መለኪያው የፊልሙን ጥሩነት አይናገርም፤ ሴቶች የራሳቸው ሐሳብና ኑሮ ያላቸው ሰዎች ሆነው መቅረባቸውን ለማየት ግን ይረዳል።

ለእኛ አካባቢ ሌላም ጥያቄ መጨመር ይቻላል፦ ሴቷ ምን ትሠራለች? በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው በአንድነት ይሰፍራል። ሚስት የመሬቱ ባለይዞታ ናት፤ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ እህል ትሸጣለች። በድራማ ውስጥ ግን የገበሬ ሚስት አብዛኛውን ጊዜ ቡና አቅርባ የምትወጣ ናት። በመሬት ጉዳይ ቃሏ የማይሰማ ሴት በትዳር ጉዳይ ቃሏ እንዲሰማላት መጠበቅ አዳጋች ነው።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ የውጭ ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ወደ ቤታችን ገብተዋል። በእነዚህም ውስጥ በግዳጅ ተጀምሮ በፍቅር የሚያልቅ ጋብቻ አልፎ አልፎ ይታያል። ወላጆች ልጆቻቸውን ከቴሌቪዥኑ ፊት ማስነሣት አይጠበቅባቸውም። አብሮ ተቀምጦ «እሷ እምቢ ብላ ነበር፤ ለምን አልሰማትም?» ብሎ መጠየቅ ውይይቱን ይጀምረዋል። ጥያቄው ለሴት ልጅ ብቻ ሳይሆን ለወንድ ልጅም ሊቀርብ ይገባል።

ጠለፋ ሲፈጸም ወይም ሊፈጸም መታቀዱ ሲሰማ ሳይዘገዩ ለፖሊስ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ የወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ሊያግዝ ይችላል። ለእርቅ የሚጠራ ሽማግሌም ከቤተሰቦቹ አስቀድሞ ልጅቷን ራሷን ሊሰማ ይገባዋል።