የአጭር ጊዜ ተቀማጭና የረጅም ጊዜ ብድር፤ ስለ ወለድ መለዋወጥ

ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ እንደምትገኘው እንደ ጉደር ባለች ከተማ፥ የባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ በብዛት የሚገባለት ከመኸር በኋላ ነው። ጤፉ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ ገበሬው ከሽያጩ የተረፈውን ያስቀምጣል፤ ክረምት ሲቃረብ ደግሞ ለማዳበሪያና ለዘር ያወጣዋል። ተበዳሪው ግን በዚህ ወቅት አይመላለስም። የጭነት መኪና የገዛ ነጋዴ ዕዳውን የሚከፍለው በዓመታት ነው።

ይህ የጊዜ አለመገጣጠም በራሱ ነውር አይደለም፤ የባንክ ሥራ ማለት ይኸው ነውና። አስቀማጮች ሁሉ በአንድ ቀን አይመጡም። ጭንቁ የሚመጣው የወለዱ ልክ ሲለወጥ ነው። ተቀማጭ ለባንኩ ዕዳ፥ ብድር ደግሞ ሀብት መሆኑ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው የባንክን ጥንካሬ የሚለካው በተቀማጩ ብዛት ነው፤ እኛ ግን አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፥ ወለድ ሲለወጥ ቶሎ የሚለወጠው ዕዳው ነው ወይስ ሀብቱ? የሚለው ነው እንላለን።

ለዚህ ከአገራችን የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች ካበደሩት ገንዘብ 27 በመቶ የሚያህል የመንግሥት ሰነድ እንዲገዙ አዘዘ። ሰነዱ የ5 ዓመት ሲሆን ወለዱ 3 በመቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 5 በመቶ ነበር። ሒሳቡን እንመልከት። ባንኩ 100 ብር ለማበደር 127 ብር ማግኘት አለበት። ገንዘቡ ሁሉ የቁጠባ ተቀማጭ ነው ብንል፥ ለአስቀማጮች በዓመት 6 ብር ከ35 ሳንቲም ይከፍላል፤ ከሰነዱ የሚያገኘው 81 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ለደመወዝና ለቤት ኪራይ ምንም ሳይታሰብ፥ የ100 ብሩ ብድር 5 ብር ከ54 ሳንቲም ማስገባት ነበረበት።

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የቁጠባው ዝቅተኛ ወለድ ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ። (የብር ምንዛሪም ያን ጊዜ በ15 በመቶ ዝቅ ብሏል።) አዲሱ ወለድ ለቀድሞ አስቀማጭም ይከፈላል፤ በ3 በመቶ የተገዛው አሮጌ ሰነድ ግን ዘመኑ እስኪያልቅ ባለበት ይቆያል። ከላይ ባለው ሒሳብ 5 ብር ከ54 የነበረው ወጪ 8 ብር ከ08 ይሆናል። ወለዱ በ2 ብር ሲጨምር ሸክሙ በ2 ብር ከ54 ጨመረ ማለት ነው።

ልዩነቱን ማን ይሸከመዋል? የብድር ወለድ በባንኩ የሚወሰን ስለ ሆነ፥ ውሉ ከፈቀደ ባንኩ በተበዳሪው ላይ ይጨምራል። መድኃኒት ይመስላል፤ ነገር ግን የእህል ነጋዴው ትርፍ በወለዱ ልክ አያድግም። ባንኩ የወለድን ሥጋት ሲያራግፍ የአለመከፈልን ሥጋት ይቀበላል። ይህን ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይመስለናል።

ትእዛዙ በ2012 ዓ.ም. ተሻረ። በ2015 ዓ.ም. በአሜሪካ የወደቀው የሲሊከን ቫሊ ባንክም የያዘው የረጅም ጊዜ የመንግሥት ሰነድ ወለድ ሲንር ዋጋው ወርዶበት ነበር፤ አስቀማጮቹም ይህን ሰምተው ተሽቀዳደሙ። የእኛው ሰነድ የሚሸጥበት ገበያ ስላልነበረው ጉዳቱ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት የሚንጠባጠብ ሆነ እንጂ በአንድ ቀን አልፈነዳም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ 15 በመቶ የሆነ የፖሊሲ ወለድ አውጥቶ ገንዘብን በወለድ መምራት ጀመረ። ቀድሞ ወለድ በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ይለወጥ ነበር፤ በዚህ ሥርዓት ግን ኮሚቴ በተሰበሰበ ቁጥር ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ባንኮች በወለድ የሚደራደሩበትን የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ማስፋት፥ የሰነዶቻቸውንም መክፈያ በየዓመቱ ከፋፍሎ ማስያዝ ይጠቅማቸዋል። የጉደሩን ዐይነት ቅርንጫፍ በተመለከተ፥ በየወሩ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት በሚልከው ሒሳብ ላይ ከገንዘቡ ልክ አጠገብ የእያንዳንዱ ብድርና ተቀማጭ ወለድ መቼ ሊለወጥ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ዓምድ ቢጨመር፥ ወጪው ከቀለምና ከወረቀት አያልፍም።