ወረርሽኝ ሲመጣ ስልክ የሚደውለው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 የአገሮችን የወረርሽኝ ዝግጁነት የሚመዝን ዓለም አቀፍ የደረጃ ሰንጠረዥ ይፋ ሆነ። አንደኛ አሜሪካ፣ ሁለተኛ ብሪታንያ ነበሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፈተናው መጣ፤ 2020 ሲያልቅ በኮሮና አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ300,000 በላይ ሰው ሞቶ ነበር። ከቻይና ጋር ረጅም ድንበር የምትጋራው፣ በገቢ ከሁለቱ እጅግ የምታንሰው ቬትናም በዚያው ዓመት የመዘገበችው ሞት 35 ነው።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2022 ያወጣው ጥናት 177 አገሮችንና ግዛቶችን አነጻጽሮ ነበር። በዚያ ጥናት መሠረት የዝግጁነት ደረጃዎቹ ስንት ሰው በበሽታው እንደሚያዝ አላመለከቱም። ከበሽታው ስርጭት ማነስ ጋር አብሮ የታየው ሕዝቡ በመንግሥቱ ላይና እርስ በርሱ ያለው እምነት ነበር። ይሁንና እምነት ብቻውን ቫይረስ አያቆምም፤ የሚያምነውን ሰው በጊዜ የሚያገኝ፣ በስሙ የሚያውቀው አንድ መሥሪያ ቤት ያስፈልጋል። ይህን ለማየት ጀርመን ከብዙዎች ትመቻለች፤ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በዚያው ሀብትና በእነዚያው ሆስፒታሎች፣ መጀመሪያ ተመስግና ኋላ ተወቅሳለችና።

ለምሳሌ ዚንድሊንገንን እንመልከት፤ በፍራንክፈርት ከተማ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በማይን ወንዝ ዳር ያለች ሰፈር ናት። በ1928 ከከተማዋ ጋር ተቀላቀለች። በአንድ ወገን የሆክስት የኬሚካልና የመድኃኒት ፋብሪካዎች ግቢ ይዋሰናታል፤ ከወንዙ ማዶ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአውሮፓ ታላላቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች አንዱ አለ። አንድ የዚንድሊንገን ነዋሪ በኮሮና መያዙ በምርመራ ሲረጋገጥ ውጤቱ መጀመሪያ የሚደርሰው በርሊን ላለው ሚኒስቴር ሳይሆን ለፍራንክፈርት ከተማ ጤና ቢሮ ነበር። ከ2001 ጀምሮ የሚሠራው የተላላፊ በሽታዎች መከላከያ ሕግ ሥራውን የሰጠው ለእነዚህ ቢሮዎች ነው፤ በመላ አገሪቱ 400 ያህል ናቸው። የቢሮው ሠራተኛ ለታማሚው ይደውል፣ ከማን ጋር እንደነበረ ይጠይቅ፣ ቤቱ እንዲቆይ ያዝ፣ ከዚያ ደግሞ ንክኪ ወደነበራቸው ሰዎች ይደውል ነበር። በወረርሽኝ ዘመን አብዛኛው ሥራ ይኸው ነው፤ ቴሌቪዥን የሚያሳየው የፅኑ ሕሙማን ክፍል የሚሞላው ይህ ሥራ ሲያቅት ነው።

ፍራንክፈርት ለዚህ ሥራ እንግዳ አልነበረችም። በ1967 ከኡጋንዳ በመጡ ጦጣዎች ላይ ይሠሩ የነበሩ የላቦራቶሪ ሠራተኞች በማርበርግ፣ በፍራንክፈርትና በቤልግሬድ ባልታወቀ በሽታ ታመሙ፤ 31 ሰው ተይዞ 7ቱ ሞቱ። ዛሬ የማርበርግ ቫይረስ የሚባለው ያን ጊዜ ተለየ። በማርች 2003 ደግሞ ከኒው ዮርክ ወደ አገሩ ይመለስ የነበረ የሲንጋፖር ሐኪም በሳርስ ሳይያዝ እንዳልቀረ ማስጠንቀቂያ ስለደረሰ፣ ፍራንክፈርት ላይ ከአውሮፕላኑ እንደወረደ ከቤተሰቦቹ ጋር በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ለይቶ ማከሚያ ገባ። ጀርመን ውስጥ በሽታው አልተዛመተም፤ ከእርሱ ከተወሰደው ናሙና የተገኘው ቫይረስም አዲሱን በሽታ ለማወቅ ረድቷል።

በፌብሩዋሪ 2020 መጀመሪያ ከዉሃን የወጡ 126 ሰዎች በወታደራዊ አውሮፕላን እዚያው ፍራንክፈርት አረፉ። ትኩሳትና ሳል የሌላቸው ጤነኞች ተብለው ሊያልፉ ይችሉ ነበር። ሐኪሞቹ ግን ምልክት ያልታየባቸውን 114 ሰዎች ጉሮሮ መረመሩ፤ ሁለቱ ቫይረሱ ተገኘባቸው። የሰውነት ሙቀት መለኪያ ብቻውን እንደማያስተማምን ከተረዱት ቀዳሚዎች መካከል እነዚህ ሐኪሞች ነበሩ፤ ብዙ አገሮች ግን ከዚያም በኋላ ለወራት በየአውሮፕላን ማረፊያው ግንባር ሲለኩ ከርመዋል።

በርሊን ውስጥ የቫይረስ ተመራማሪው ክርስቲያን ድሮስተንና ባልደረቦቹ የመመርመሪያ ዘዴውን በጃንዋሪ 2020 አዘጋጅተው ስለነበር፣ ማርች ሲደርስ ብዙ የጀርመን ላቦራቶሪዎች መመርመር ጀምረው ነበር። ወደ 28,000 የፅኑ ሕሙማን አልጋ ስለነበረ ከጣሊያንና ከፈረንሳይ ሕሙማን በአውሮፕላን እየተጫኑ ለሕክምና መጡ። በጁላይ መጀመሪያ በ83 ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ የሞተው ወደ 9,000 ሰው ነበር፤ ከጀርመን በሕዝብ የምታንሰው ጣሊያን ወደ 35,000 ሰው አጥታ ነበር። የዓለም ጋዜጦች የጀርመንን ተአምር ጻፉ።

ተአምሩ ስድስት ወር አልቆየም። መንግሥት በሜይ ወር አንድ ወሰን አስቀምጦ ነበር፦ በሳምንት ከ100,000 ሰው 50 አዲስ ታማሚ። ቁጥሩ ከዚያ ካለፈ ጤና ቢሮዎች ለሁሉም ደውለው መድረስ አይችሉም ተብሎ ስለታሰበ ነው። ፍራንክፈርት በኦክቶበር መጀመሪያ ይህን አለፈች። ወታደሮች ሳይቀሩ በየቢሮው ተቀምጠው እንዲደውሉ ተመደቡ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ውጤት የሚልኩት በፋክስ ነበር፤ ሠራተኛው ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየገለበጠ ይመዘግብ ነበር። የሚያስገርመው፣ በ2014 ኢቦላ ናይጄሪያን ባሰጋ ጊዜ አንድ የጀርመን የምርምር ማዕከል ከናይጄሪያ ባለሙያዎች ጋር ሶርማስ የተባለ የንክኪ ልየታ ሶፍትዌር ሠርቶ ነበር። ናይጄሪያና ጋና ሲጠቀሙበት፣ በጀርመን ግን በርካታ ቢሮዎች በ2021 እንኳ ገና አልተቀበሉትም ነበር። ሀብታም አገር የራሱን ምርት ከደሃ አገር ኋላ ሲጠቀም ማየት የተለመደ አይደለም።

ፖለቲካውም ዘገየ። መራሒተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በዚያው ፍጥነት ከተቀጠለ በገና በቀን 19,200 ሰው ሊያዝ ይችላል ብለው አስጠነቀቁ፤ የተጋነነ ነው ያሉ ብዙ ነበሩ። ቁጥሩ በኖቬምበር የመጀመሪያው ሳምንት ታለፈ። ቢሆንም አሥራ ስድስቱ ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸውን ድምፅ ስለያዙ መጀመሪያ ምግብ ቤቶችና የመዝናኛ ስፍራዎች ብቻ ተዘጉ፤ ሱቅና ትምህርት ቤት የተዘጋው ዲሴምበር 16 ነው። በማርች 2021 የሟቾች ቁጥር ከ70,000 በልጧል። በመጀመሪያው ዙር የተገኘው ውጤት ራሱ ለሁለተኛው ጠንቅ ሆኗል ማለት ይቻላል፦ ጥንቃቄው አደጋውን ስላስቀረ አደጋው ከመጀመሪያውም አልነበረም የሚል ስሜት ሰፈነ።

ቤት ቆዩ የሚለው ትእዛዝ የሚሠራው ቤት መቆየት ለሚችል ሰው ነው። የጀርመን መንግሥት ሥራቸው ለተቀዛቀዘ ሠራተኞች ካጡት ደመወዝ አብዛኛውን ክፍል ይከፍል ነበር፤ በኤፕሪል 2020 ተጠቃሚዎቹ ወደ 6 ሚሊዮን ደረሱ። ፔሩ በአንጻሩ በማርች 2020 በደቡብ አሜሪካ ቀደም ብለው ጥብቅ እገዳ ከጣሉት አንዷ ነበረች። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው በዕለት ሥራ ነው፤ ከቤተሰቦቹ ግማሽ ያህሉ ማቀዝቀዣ ስለሌላቸው በየጊዜው ገበያ መውጣት ነበረባቸው፤ የድጎማ ገንዘብ ለመቀበልም ባንክ ደጃፍ ይሰለፉ ነበር። አገሪቱ በ2021 መዝገቧን ስታርም የሟቾቿ ቁጥር ከ69,000 ገደማ ወደ 180,000 ዘለለ። ጀርመን ውስጥም ቢሆን ሸክሙ እኩል አልነበረም። በመጀመሪያው ዙር ቫይረሱን ካመጡት ብዙዎቹ ለበረዶ ሸርተቴ አልፕስ የወጡ ባለ ገንዘቦች ሲሆኑ፣ በብርዱ ወራት ግን ይበልጥ የሞተው በድሃ አካባቢዎች የሚኖረው እንደነበር የጀርመን የተላላፊ በሽታዎች ክትትል ተቋም የሆነው የሮበርት ኮህ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ፋብሪካና መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ሰው ከቤት ሆኖ አይሠራም።

ያለፈ መከራ ትምህርት የሚሆነው ወደ ሕግና ወደ አሠራር ሲለወጥ ነው። ደቡብ ኮሪያ በ2015 በመርስ ቫይረስ 186 ሰው ታሞባት 38 ሲሞቱ ሕጓን አሻሻለች፤ በአስቸኳይ ጊዜ የግል ኩባንያዎች የሚሠሩት መመርመሪያ በፍጥነት እንዲፈቀድ አደረገች። በ2020 ሰፊ ምርመራ ቀድማ የጀመረችው በዚህ ነው። ኢትዮጵያም የራሷ መከራ ነበራት። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ 10,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ ራስ ተፈሪ መኮንንም ታመው ተርፈዋል። ትዝታው በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ በማቃጠል ይዘከራል፤ ከጭሱ ጋር ሊተላለፍ ይገባ የነበረው የቅኝትና የምዝገባ ሥራ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ደካማ ሆኖ ቆየ።

ኮሮና መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ መግባቱ ሲረጋገጥ ኢትዮጵያ ከጀርመን የተለየ ስንቅ ነበራት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው በር እያንኳኳ የሚታወቅ ባለሙያ አፍርቷል፤ ለቤት ለቤት ልየታና ለማስተማር ያገለገሉት እነዚሁ ናቸው። ትምህርት ቤት ወዲያው ተዘጋ፣ ሚሌኒየም አዳራሽ ወደ ማከሚያ ተለወጠ፣ በመጋቢት መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሙሉ በሙሉ ቤት የመዝጋት ትእዛዝ ግን አልተሰጠም። የተመዘገበው ሞት 7,500 ገደማ ነው። ይህን ከጀርመን ጋር ማነጻጸር ያሳስታል፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሹ ከ20 ዓመት በታች ሲሆን የጀርመኑ ግማሽ ከ45 በላይ ነው፣ ኮሮና ደግሞ በዋናነት አረጋውያንን ይገድላል። ከዚህም ሌላ በኢትዮጵያ ብዙ ሞት ሳይመዘገብ ያልፋል።

ክትባቱ ሲመጣ እምነት ከአቅርቦት ጋር ተፋጠጠ። የኮሮና ክትባት የሠራው ባዮንቴክ የተመሠረተው ከዚንድሊንገን በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ በሚያስኬደው ማይንዝ ነው፤ ክትባቱን በብልቃጥ የመሙላት ሥራ ከፊሉን የመድኃኒት ኩባንያው ሳኖፊ ሆክስት ግቢ ውስጥ ለመሥራት ተስማማ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን 2.2 ሚሊዮን ክትባት ያገኘችው በማርች 2021 ነው፤ ብዙ አገሮች ከዚያም በላይ ጠበቁ። ሆኖም በኖቬምበር 2021 ፖርቱጋል ከ85 በመቶ በላይ ሕዝቧን ስትከትብ፣ ክትባቱ በተፈለሰፈባት ጀርመን ግን የተከተበው ገና 70 በመቶ አልሞላም ነበር፤ ዛክሰን የተባለው ክፍለ ግዛት ከሁሉም ዝቅ ብሎ ነበር።

አንድ ዓይነት ቫይረስ በተለያየ እጅ ሲወድቅ የሚሆነው በማርበርግ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። አንጎላ ውስጥ በ2004 እና 2005 ከተያዙት 252 ሰዎች 227ቱ ሞቱ። ሩዋንዳ በ2024 ሲገባባት 66 ሰው ተይዞ የሞተው 15 ነው፤ ቶሎ መረመረች፣ ንክኪ ያላቸውን ተከታተለች፣ በጠና የታመሙትን በመተንፈሻ መሣሪያ ጭምር አከመች። ኢትዮጵያም ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጂንካ ውስጥ የመጀመሪያውን የማርበርግ ወረርሽኝ አረጋግጣለች።

ወደ ጀርመን ስንመለስ፣ አገሪቱ ከወቀሳው በፊትም ገንዘብ መድባ ነበር። በሴፕቴምበር 2020 የፌዴራል መንግሥቱና ክፍለ ግዛቶቹ ለጤና ቢሮዎች 4 ቢሊዮን ዩሮና ቢያንስ 5,000 አዲስ የሥራ ቦታ እንዲሰጥ ተስማሙ። ስምምነቱ የሚያበቃው በ2026 ነው።